የሳተላይት ምስል በሥነ ምድር ጥናት

የሳተላይት ምስል በሥነ ምድር ጥናት ሲባል፣ ምድርን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚገኙ ምስሎችን በመጠቀም የመሬትን ገጽ በካርታ ማስፈር፣ የማዕድን ምልክቶችን መፈለግ፣ እንዲሁም እሳተ ገሞራን፣ የመሬት መንቀጥቀጥንና የመሬት መንሸራተትን የመሳሰሉ አደጋዎችን መከታተል ማለት ነው። ሥራው የርቀት ዳሰሳ ተብሎ ከሚጠራው ሰፊ የሙያ ዘርፍ አንዱ ክፍል ነው።

ሳተላይት ወርቅን ወይም ከመሬት በታች ያለን ቅልጥ ዓለት በቀጥታ አያይም። የሚለካው ከመሬት ገጽ ወደ ላይ የሚመጣውን ጨረር፣ የራዳር ሳተላይት ከሆነ ደግሞ ራሱ የላከው ሞገድ ከመሬት ነጥሮ ሲመለስ የሚይዘውን መረጃ ነው። ስለ ዓለቱ ዓይነትም ሆነ ስለ ቅልጥ ዓለቱ እንቅስቃሴ የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ልኬቶች በስሌት የተገኘ ነው። ስለዚህ የሳተላይት ምስል ዋና ጥቅሙ ባለሙያው የትኛው ቦታ ላይ ማተኮር እንዳለበት ማሳየቱ ነው፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚገኘው መሬት ላይ ነው።

አሠራሩ

የምድር ምልከታ ሳተላይቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ብርሃን ከመሬት ሲንጸባረቅ፣ ወይም መሬቱ ራሱ ሙቀት ሲያመነጭ የሚቀበሉ ናቸው። ላንድሳት፣ ሴንቲኔል 2 እና አስተር የተባለው መሣሪያ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ የራሳቸውን የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ልከው የሚመለሰውን የሚቀበሉ ናቸው። ሴንቲኔል 1 የዚህ ምሳሌ ነው። ራዳር የፀሐይ ብርሃን ስለማያስፈልገው ሌሊትም ይሠራል፤ ደመናንም አልፎ ያያል።

ምስሉ ፒክሰል ከሚባሉ ትናንሽ ካሬዎች የተሠራ ነው። የላንድሳት 8 እና 9 አብዛኞቹ ምስሎች አንድ ፒክሰል 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር የሆነ መሬት ይሸፍናል። የሴንቲኔል 2 ዋና ዋና ምስሎች ግን 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆኑ፣ በአንድ የላንድሳት ፒክሰል ቦታ ዘጠኝ የሴንቲኔል ፒክሰሎች ይገባሉ። በአንድ ፒክሰል ውስጥ ያለው አፈር፣ ሣርና ድንጋይ ሁሉ ተደባልቆ እንደ አንድ ቁጥር ይመዘገባል።

ሌላው ወሳኝ ነገር ምስሉ የሚነሣበት የሞገድ ርዝመት ነው። የሰው ዓይን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ያለውን ብርሃን ብቻ ያያል። ሳተላይቶች ግን ከቀይ ብርሃን አልፎ ያለውን ታህተ ቀይ ጨረርም በተለያዩ ክፍሎች ለይተው ይመዘግባሉ። ለዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ዓለቶች በታህተ ቀይ ጨረር ፍጹም የተለያዩ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

አጭር ታሪክ

መሬትን በተከታታይ ለመቃኘት ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት በአሜሪካ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972) ወደ ህዋ ተላከ። የምስሉ ፒክሰል ወደ 80 ሜትር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የተላከው ላንድሳት 4 የተሻለ መሣሪያ ይዞ ወጣ። በዚህ መሣሪያ ላይ በ2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚሠራ ክፍል የተጨመረው የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጠይቀው ነው፤ ምክንያቱም የሸክላ ማዕድናት የሚለዩት በዚህ የሞገድ ርዝመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ቴራ በተባለችው ሳተላይት ላይ የተላከው የጃፓንና የአሜሪካ የጋራ መሣሪያ አስተር፣ 14 የጨረር ክፍሎች ስለነበሩት ለማዕድን ፍለጋ ትልቅ እርምጃ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ የአጭር ሞገድ ታህተ ቀይ ክፍሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቢበላሹም፣ ከዚያ በፊት የተነሡት ምስሎች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። በዚያው በ2008 አሜሪካ የላንድሳትን ማኅደር በሙሉ በነጻ ለሕዝብ ክፍት አደረገች። የአውሮፓ የሴንቲኔል ሳተላይቶችም ከ2014 ጀምሮ መረጃቸውን በነጻ ይሰጣሉ።

ለካርታ ሥራ

የሥነ ምድር ካርታ የትኛው ዓለት የት እንዳለ፣ የመሬት ስብራቶች በየት በየት እንደሚያልፉ የሚያሳይ ካርታ ነው። ቀድሞ ይህ የሚሠራው ባለሙያዎች በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን እያገናዘቡ ነበር። ላንድሳት አንድ ጊዜ ሲያነሣ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት በአንድ ምስል ስለሚይዝ፣ መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይገለጡ ረጃጅም ስብራቶችና ክብ የእሳተ ገሞራ ቅሪቶች በአንድ እይታ ይወጣሉ።

ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ሦስት የጨረር ክፍሎችን መርጦ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ይመድባቸዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሥዕል ሐሰተኛ ቀለም ያለው ምስል ይባላል። ለምሳሌ ቅርብ ታህተ ቀይ ጨረር በቀይ ከተመደበ ለምለም ዕፅዋት ደማቅ ቀይ ሆነው ይታያሉ። በአፋር ዓይነት ዕፅዋት በሌለበት ምድረ በዳ ደግሞ አዲስ የባዝልት ፍሳሽ ጥቁር፣ ጨው ነጭ፣ ዕድሜ ያለው ፍሳሽ ብረቱ ስለሚዝግ ቡናማ ይሆናል። በዚህም የላቫ ፍሳሾችን በዕድሜ ቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል።

የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ መረጃም ከህዋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የህዋ መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ ሁለት የራዳር አንቴናዎችን በመጠቀም ከምድር የብስ 80 በመቶ ያህሉን የከፍታ ካርታ አነሣች። በዚህ ካርታ ላይ የስምጥ ሸለቆው ስብራቶች እንደ ደረጃ ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ወንዝ በድንገት ታጥፎ ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ከሆነ፣ ከሥሩ ስብራት ሊኖር እንደሚችል ይገመታል።

ለማዕድን ፍለጋ

ብዙ የወርቅና የመዳብ ክምችቶች የተፈጠሩት ከምድር በታች ይዘዋወር የነበረ ፍል ውኃ ማዕድናትን አሟሙቶ ወስዶ በሌላ ቦታ ሲያስቀምጣቸው ነው። ፍል ውኃው በሚያልፍበት ጊዜ በዙሪያው ያለውን ዓለት ይለውጠዋል፤ አንዳንዱን ወደ ሸክላ ማዕድን፣ አንዳንዱን ብረት ወደበዛበት ቀይ ወይም ቢጫ ዓለት። ወርቁ ራሱ ከህዋ ባይታይም፣ የተለወጠው ዓለት ከክምችቱ እጅግ ሰፊ ስለሚሆን በምስል ላይ ሊገኝ ይችላል። ፍለጋው የሚጀመረው ከዚህ ነው።

እያንዳንዱ ማዕድን የሚውጠው የጨረር ክፍል አለው፦

• ሄማታይትን የመሰሉ የብረት ኦክሳይዶች ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣሉ፣ ቀዩን ያንጸባርቃሉ።
• ካኦሊናይትን የመሰሉ የሸክላ ማዕድናት በ2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ይውጣሉ።
• ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ በ2.33 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ይውጣል።
• ኳርትዝ ደግሞ የሚለየው ከ8 እስከ 9 ማይክሮሜትር ባለው የሙቀት ጨረር ነው።

ይህን ልዩነት ለማውጣት የሚያገለግለው ቀላሉ ዘዴ አንዱን የጨረር ክፍል ለሌላው ማካፈል ነው። ለምሳሌ ብረት የበዛበት ዓለት ፀሐይ ሲያርፍበት ከቀዩ ብርሃን 0.30፣ ከሰማያዊው 0.10 ያንጸባርቃል እንበል። ቀዩ ለሰማያዊው ሲካፈል 3 ይመጣል። ያው ዓለት በተራራው ጥላ በኩል ቢሆን ቁጥሮቹ በግማሽ ቀንሰው 0.15 እና 0.05 ይሆኑ ይሆናል፤ ሲካፈሉ ግን አሁንም 3 ነው። ስለዚህ ማካፈሉ የጥላውን ተጽዕኖ ይቀንስና የዓለቱን ጠባይ ያጎላል። በላንድሳት 8 ላይ ለብረት ክፍል 4 ለክፍል 2፣ ለሸክላ ማዕድናት ደግሞ ክፍል 6 ለክፍል 7 ይካፈላል።

ይህ ዘዴ በደረቅና በተራቆተ መሬት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት የሚገኘው ኩፕራይት የተባለ አካባቢ፣ የተለወጡት ዓለቶች ያለ ዕፅዋት ገጥጠው ስለሚታዩበት የአዳዲስ መሣሪያዎች መፈተኛ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። በእርጥብ አገር ግን ውጤቱ ያሳስታል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ አፈሩ በዝናብና በሙቀት ብዛት ቀልቷል፣ ሸክላም ሆኗል። ይህ የተለመደ የአየር ንብረት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በምስሉ ላይ ግን ልክ እንደ ማዕድን ምልክት ሰፊ ቦታ ሸፍኖ ይወጣል። ዕፅዋቱም ዓለቱን ይሸፍነዋል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ቀለሙን ትቶ በስብራቶችና በዓለት ቅርጾች ላይ ያተኩራል፤ ከዚያም ከወንዝ አሸዋ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ያስመረምራል።

በየትኛውም አካባቢ ቢሆን የሳተላይት ምስል የማዕድን ክምችትን መጠንም ሆነ ጥራት አይናገርም። የሚያነበው ከላይ ያለውን ስስ የመሬት ቆዳ ብቻ ስለሆነ፣ ጥልቀቱን የሚያሳውቀው ቁፋሮ ነው። ጥቅሙ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረውን የፍለጋ ቦታ ወደ ጥቂት ቦታዎች በማጥበብ ጊዜንና ገንዘብን ማዳኑ ነው።

ለአደጋ ክትትል

ካርታና ማዕድን ፍለጋ በአንድ ጥሩ ምስል ሊጀመሩ ይችላሉ። አደጋን ለመከታተል ግን ቢያንስ ሁለት ምስል ያስፈልጋል፦ አንዱ ከለውጡ በፊት፣ ሌላው ከለውጡ በኋላ። ለዚህ ዋናው መሣሪያ ኢንሳር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የራዳር ዘዴ ነው። ሳተላይቱ አንድን ቦታ ከተቀራረበ አቅጣጫ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ያነሣል። መሬቱ በመካከሉ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ የራዳሩ ሞገድ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ይለወጣል። የሴንቲኔል 1 ሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ፣ መሬቱ ወደ ሳተላይቱ በ2.8 ሳንቲ ሜትር ሲቀርብ ወይም ሲርቅ በምስሉ ላይ አንድ ሙሉ የቀስተ ደመና ቀለበት ይፈጠራል። ቀለበቶቹን በመቁጠር መሬቱ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ በላንደርስ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱን እንዴት እንዳናወጠው በዚህ ዘዴ በምስል ሲወጣ፣ ውጤቱ በሳይንሱ ዓለም ትልቅ ትኩረት አገኘ።

ዳባሁ፣ 1998 ዓ.ም.

በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2005) በአፋር በዳባሁ አካባቢ ብዙ የመሬት መንቀጥቀጦች ተከታትለው ተመዘገቡ። መስከረም 16 ቀን ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬት ተሰንጥቆ ትንሽ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ሆነ። ቦታው ላይ የሄዱ ሰዎች ያዩት 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅና በዙሪያው የተበተነ አመድ ነበር።

የአውሮፓ ሳተላይት ኤንቪሳት ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሣቻቸው የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ ግን ከዚህ እጅግ የገዘፈ ነገር ታየ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ወደ ግራና ቀኝ ተከፍቷል። በክፍተቱ ውስጥ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ቅልጥ ዓለት ገብቶ ነበር፤ አብዛኛውም ከመሬት በታች ቀርቷል። በዚያ አካባቢ የአፍሪካና የዓረቢያ ንጣፎች የሚራራቁት በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 8 ሜትር ማለት የአራት መቶ ዓመት ያህል መራራቅ በጥቂት ሳምንታት ተፈጸመ ማለት ነው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያው መስመር ሌሎች ተመሳሳይ የቅልጥ ዓለት ሰርጎ መግባቶች ተከትለዋል።

ይህ ክስተት ለሥነ ምድር ትምህርት ያበረከተው ብዙ ነው። የስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዝግታ በእኩል ፍጥነት ሳይሆን፣ ለረጅም ዘመን ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት እንደሆነ በልኬት አሳይቷል። መሬት ላይ ከታየው 500 ሜትር ስንጥቅ ብቻ ተነሥቶ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

ፈንታሌና ዶፈን፣ 2017 ዓ.ም.

ዳባሁ ሰው የማይበዛበት ምድረ በዳ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ተመሳሳይ ሁኔታ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገድና የባቡር መስመር፣ የከሰም ግድብና የስኳር ልማት ባሉበት ተከሰተ። ከመስከረም ወር ጀምሮ መንቀጥቀጡ ተደጋግሞ፣ ታህሳስ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በሬክተር መለኪያ 5.7 የደረሰው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

በዚያ ወቅት የሁሉም ጥያቄ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል ወይ የሚል ነበር። የሴንቲኔል 1 ምስሎች በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች ሰርጎ እየገባ መሬቱን እየከፈተ መሆኑን አሳዩ። ይህም የመንቀጥቀጡን ምክንያትና ቦታውን ግልጽ አደረገ። ቅልጥ ዓለቱ ወደ ላይ ይወጣ እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ ግን ምስሉ ሊናገር አልቻለም። ሳተላይቱ አንድን ቦታ በየጊዜው ተመልሶ የሚያነሣው በቀናት ልዩነት ስለሆነ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሆነውን የሚከታተሉት መሬት ላይ የተተከሉ የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች ናቸው። ሁለቱ ተደጋግፈው እንጂ አንዱ ለብቻው አይበቃም።

ጭስ፣ አመድና ሙቀት

በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ በኤርትራ የሚገኘው ናብሮ እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ሲፈነዳ፣ ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ የተጻፈ ታሪክ አልነበረም። የፍንዳታውን ስፋትና ወደ አየር የወጣውን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ብዛት ለዓለም ያሳወቁት ሳተላይቶች ናቸው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2025) በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳም፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ወደ ሕንድ አቅጣጫ ሲጓዝ በሳተላይት ክትትል ተደርጎበታል። አመድ የአውሮፕላን ሞተርን ስለሚያበላሽ ይህ መረጃ ለበረራ ደኅንነት አስፈላጊ ነው። የኤርታሌ የላቫ ሐይቅ ሙቀትም ለብዙ ዓመታት ከህዋ ሲለካ ቆይቷል።

የመሬት መንሸራተት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በከባድ ዝናብ ምክንያት መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ፣ በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ።

እንዲህ ያለው አደጋ የሳተላይት ምስል ገደቡ የሚገለጥበት ነው። የክረምት ደመና የላንድሳትንና የሴንቲኔል 2ን እይታ ለሳምንታት ይጋርዳል። ራዳር ደመናውን ቢያልፍም፣ በለምለም ዕፅዋት በተሸፈነና በጣም ገደላማ በሆነ ቦታ የሚያነበው ይዛባል። የተንሸራተተው ቁልቁለት ስፋቱ ጥቂት ፒክሰል ብቻ ሊሆንም ይችላል። እዚህ ላይ የሳተላይት መረጃ ይበልጥ የሚጠቅመው አስቀድሞ ነው። የቁልቁለቱን ዳገታማነት ከከፍታ ካርታ፣ የዓለቱንና የአፈሩን ዓይነት ከሥነ ምድር ካርታ፣ የቆዩ ናዳዎችን ጠባሳ ከድሮ ምስሎች በማሰባሰብ አደጋ የሚያሰጋቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ይዘጋጃል። እንዲህ ያለው ካርታ ቀኑን ባይተነብይም፣ ቤት የት መሠራት እንደሌለበት፣ ናዳ ከወረደ በኋላም የትኛው ቁልቁለት ገና እንደሚያሰጋ ለመወሰን ይረዳል።

ገደቦቹ በአጭሩ

• ምስሉ የሚያሳየው የመሬቱን ገጽ እንጂ ጥልቀቱን አይደለም።
• ደመና፣ ጥላ፣ ዕፅዋትና የአፈር ሽፋን ዓለቱን ይደብቃሉ።
• በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት የራዳሩን ሞገድ ስለሚያዘገይ፣ መሬቱ ያልተንቀሳቀሰ ሆኖ ሳለ የተንቀሳቀሰ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አንድን ጥንድ ምስል ብቻ ማመን አይገባም።
• ኢንሳር የሚለካው ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ ያለውን እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን ለመለየት ከሁለት አቅጣጫ የተነሡ ምስሎች ያስፈልጋሉ።
• ማንኛውም ትርጓሜ በመስክ ጉብኝትና በናሙና ካልተረጋገጠ ግምት ነው።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አስወንጭፋለች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ነበር። የካርታና የጂኦስፓሻል መረጃ ሥራ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ኃላፊነት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን ከሚከታተሉት ተቋማት አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የህዋ ሳይንስና የጂኦፊዚክስ ምርምር ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ጥናት ለመጀመር የራስ ሳተላይት መኖር ግድ አይደለም። የላንድሳት ምስሎች ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት፣ የሴንቲኔል ምስሎች ከአውሮፓ ኮፐርኒከስ ፕሮግራም በኢንተርኔት በነጻ ይወርዳሉ። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራምና የራዳር ምስል የሚሠራው ስናፕ እንዲሁ በነጻ ይገኛሉ። አንድ ተማሪ የሚያውቀውን አካባቢ የበጋ ወቅት ምስል አውርዶ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የብረትና የሸክላ ስሌት ሠርቶ፣ ከዚያም ቀልቶ የወጣውን ቦታ በእግሩ ሄዶ ቢመለከት የዘዴውን ጥቅምም ስህተትም በአንድ ቀን ሊረዳ ይችላል።